ኀይል ከመጨመር በፊት ጤና ይመርመር
ስለ አሮጌዎቹ የጃፓን ባለ ተርቦ መኪናዎች

ዛሬ በዓለም ገበያ በብርቱ ከሚፈለጉት አሮጌ ሸቀጦች አንዱ በጃፓን አገር የተሠራው ባለ ተርቦ የስፖርት መኪና ነው። ከነዚህም ስመ ጥሮቹ በ1989 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የወጣው ኒሳን ስካይላይን ጂ.ቲ.አር.፥ በ1993 ዓ.ም. የወጣው ቶዮታ ሱፕራ፥ እስከ 2002 ዓ.ም. የተሠራውም ማዝዳ አር.ኤክስ. ሰባት ናቸው።

የፍላጎቱ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የጃፓን ፋብሪካዎች እስከ 2004 ዓ.ም. በመካከላቸው በነበረው ስምምነት ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ አያስታውቁም ነበር፤ ሞተሮቹ ግን ከዚህ የበለጠ ኀይል ሊሸከሙ ይችላሉ። ሁለተኛ፥ የአሜሪካ ሕግ ከተሠራ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከአገሪቱ የደኅንነት ደንብ ነጻ ያደርገዋል። ዕድሜው ከተሠራበት ወር ጀምሮ ስለሚቈጠር፥ የቸኰለ አስመጪ ንብረቱ በወደብ ሊያዝበት ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት በ2024 ዓ.ም. መከልከሉን ስላስታወቀ፥ ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚጠቅመው በውጭ አገር የመኪናና የመለዋወጫ ንግድ ለያዙት ወገኖቻችን ነው።

ተርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጢስ ግፊት በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም በልኩ መብዛት አለበት። ቤንዚኑ ካነሰ ግን ሙቀቱ ይበረታል፤ ድብልቁም ያለ ጊዜው ፈንድቶ ሞተሩን ይሰብራል። ስለሆነም የቤንዚኑን ፖምፓና መርጫዎቹን ሳያሳድግ የአየሩን ግፊት ብቻ የሚጨምር ሰው ሀብቱን ያቃጥላል።

የየመኪናው ድካም ልዩ ልዩ ነው። በጃፓን የተሸጠው ስካይላይን የተርቦው መዘውር ሴራሚክ ስለሆነ ግፊት ከመጠን ሲያልፍ ይሰበራል። ማዝዳው ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን መዘውር እየዞረ ይሠራል። ያለ ጊዜው የሚመጣ ፍንዳታ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ማሸጊያዎች ይሰብራል፤ የእምቅታ ልኩንም ለመመርመር ለርሱ የተዘጋጀ መለኪያ ያስፈልጋል። የሱፕራው ሞተር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ተርቦዎች በተራ ስለሚሠሩ፥ የሚያዙአቸው ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ሲያረጁ ሁለተኛው ተርቦ ሳይነሣ ይቀራል።

ደንበኛ «ኀይሉ አነሰ» ብሎ ሲመጣ ብዙ መካኒክ ወዲያው ውዱን ተርቦ ይኰንናል። ብልኅ ግን ከርካሹ ይጀምራል። በመጀመሪያ በአየር ማስገቢያው ቱቦ መጠነኛ የታመቀ አየር ነፍቶ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የታየበት ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን ይመረምራል፤ ግፊቱ በተጨመረበት ሞተር የካንዴላው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ1.1 ወደ 0.8 ሚሊሜትር ይጠባል፤ አለዚያ ብልጭታው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የየሲሊንደሩን እምቅታ ለክቶ ያስተያያል። ተርቦውን የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ዘንጉ ወደ ጐን ጥቂት ቢነቃነቅ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግልጽ ሆኖ ቢነቃነቅ ግን አልቋል።

ጢሱም ይናገራል። ጥቁር ጢስ የቤንዚን መብዛት ወይም የአየር ማነስ፥ ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን፥ የማያቋርጥና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል።

ለነጋዴ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው። የቀለም ውበት ወይም የተጨመረ የፈረስ ጉልበት ዋጋ አይሁን። ማን፥ መቼ፥ ምን እንደ ለወጠ የሚያስረዳ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ የተነሡት የፋብሪካው ዕቃዎችም ከመኪናው ጋራ ይረከቡ፤ ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ የሚችል መኪና ብዙ ገዢ ያገኛልና። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ የአንድ ቀን ምርመራ የተቈጠበበት መኪና የነጋዴውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መልካም ስሙንም ይዞ ይሄዳል።