ሜሳ ከታደሰ በኋላ የሚጓተት ግራፊክስ

ሜሳ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ በፕሮግራሞችና በግራፊክስ ካርድ መካከል ቆሞ የሥዕል ትእዛዞችን የሚያስፈጽም ላይብረሪ ነው። ብራያን ፖል እ.ኤ.አ. በ1993 ጀምሮት በ1995 ለሕዝብ አወጣው። በመጀመሪያ ሥዕሉን ሁሉ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ነበር፤ ለካርዶች የሚሆኑ ድራይቨሮች የመጡት ቆይተው ነው።

የፕሮሰሰሩ መንገድ ዛሬም በአዲስ መልክ አለ። ሜሳ ለካርዱ የሚስማማ ድራይቨር ሲያጣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያቆምም፤ ኤልኤልቪኤምፓይፕ ለተባለው፣ በፕሮሰሰሩ ብቻ ለሚሥለው ክፍል ያስረክባል። መስኮቶች ይከፈታሉ፤ ቀለሙም ትክክል ነው፤ የስሕተት መልእክት ላይታይ ይችላል። የጎደለው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ላይብረሪው በታደሰ ማግስት ሁሉ ነገር ድንገት ከተጓተተ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን ሲስተሙን እንዳለ አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ይቸኩላል፤ በዚህም ምክንያቱን የሚጠቁመው ፍንጭ አብሮ ይጠፋል።

ጂኤልኤክስኢንፎ የተባለው ትእዛዝ ከሚያወጣው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንዱ መስመር ሥዕሉን የሚሠራው ማን እንደሆነ ይናገራል። የካርዱ ስም መኖር ባለበት ኤልኤልቪኤምፓይፕ ከተጻፈ፣ የሚቀረው ካርዱ ለምን እንደተዘለለ መፈለግ ነው። ድራይቨሩ ያለበት ጥቅል ከላይብረሪው ጋር አብሮ አልታደሰ ይሆናል፤ ወይም አሮጌና አዲስ ቅጂ በተለያየ ቦታ ተቀምጠው ፕሮግራሙ አሮጌውን ያነሣል፤ ወይም ተጠቃሚው የካርዱን ፋይል የመክፈት ፈቃድ የለውም።

ሥዕሉን የሚሠራው ካርዱ ራሱ ከሆነ መለካት ያስፈልጋል። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው። ፍሬሙ በ18 ሚሊሴኮንድ ካለቀ ያመለጠው በጥቂት ነው፤ ነገር ግን ካርዱ ከስክሪኑ ጋር እንዲናበብ ከተደረገ ቀጣዩን ተራ ለመጠበቅ ይገደድና በሴኮንድ የሚታየው ወደ 30 ሊወርድ ይችላል። ትንሽ ጭማሪ ግማሽ ኪሳራ ይመስላል ማለት ነው። ስለዚህ መናበቡን አጥፍቶ ፍሬሙ የፈጀውን ሚሊሴኮንድ መመዝገብ ይበልጣል። ልኬቱም ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደገም አለበት፤ ሜሳ ቀድሞ አዘጋጅቶ በዲስክ ያስቀመጣቸው ሼደሮች (ካርዱ ሲሥል የሚያስኬዳቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ለአዲሱ ቅጂ ስለማያገለግሉ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ይንተባተባል፤ በሁለተኛው ግን ይህ ይቀንሳል።

መጓተቱ ከቀጠለ አሮጌው ቅጂ ይመለሳል። ፍጥነቱም አብሮ ከተመለሰ ጥፋቱ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ከገቡት ለውጦች በአንዱ ነው። ለውጦቹ 1000 ቢሆኑም መሐሉ ላይ ያለውን እየፈተኑ ጥፋቱ ሊኖርበት የማይችለውን ግማሽ በመተው በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ይገኛል። የዚያ ለውጥ መለያ፣ የካርዱ ስምና ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለካው ሚሊሴኮንድ አንድ ላይ ሲቀርቡ የላይብረሪው አዘጋጆች ችግሩን በራሳቸው ማሽን ደግመው ሊያዩት ይችላሉ።