ካሮቴኖይድ
ካሮቴኖይድ ለካሮት፣ ለማንጎ፣ ለቲማቲምና ለበርበሬ ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ መልክ የሚሰጥ የዕፅዋት ቀለም ነው። በጎመንም በብዛት ይገኛል፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ስለሚሸፍነው ግን አይታይም።

ሰውነት ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጣል። ቫይታሚኑ ሲያንስ ዳፍንት ይከተላል። የጎመኑ ሉቲንና የቲማቲሙ ላይኮፒን ግን አይለወጡም፤ ሉቲን በዓይን ሬቲና ይከማቻል።

ሁሉም በስብ የሚሟሙ ናቸው። በአንጀት ውስጥ ከሐሞትና ከዘይት ጋር ተቀላቅለው በተመሳሳይ መንገድ ስለሚያልፉ ይሻማሉ፤ ብዙ ቤታ ካሮቲን አብሮት ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ሉቲን ሊቀንስ ይችላል። በተራ ማዕድ ላይ ግን ከሽሚያው ይልቅ የሚያሳስበው የዘይት እጦት ነው።

ይህ በጾም ጎልቶ ይታያል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሆነ በአምባሰል መንደሮች የሚጾም ሰው ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሲተው፣ ዝግጁ ቫይታሚን ኤ የሚያገኝባቸው ዋና ምግቦች ይቀሩበታልና በጎመንና በካሮት ላይ ይመካል። በውኃ ብቻ ከተቀቀለ ጎመን ይልቅ ጥቂት የኑግ ዘይት የገባበት ይሻለዋል።

እንክብሉ የጎመን ምትክ አይደለም። በፊንላንድ 29,000 ያህል ወንድ አጫሾች በተሳተፉበትና በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በልጠው ተገኝተዋል።