ጠመንጃ ደጋግሞ ሲከሽፍ
ከፊል አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ በአንዱ ተኩስ ኃይል ቀጣዩን ጥይት ያቀባብላል፤ አንዱ ከከሸፈ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ወዲያው በእጅ ማቀባበል ግን አደገኛ ነው፤ የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያም ካዝናውን ነቅሎ ጥይቱን ማውጣት ይገባል።

መንስኤውን የቀለሁ ግርጌ ይጠቁማል። መቺው መርፌ ያሳረፈው ምልክት ጥልቀት ከሌለው የረጋ ቅባት፣ የደከመ ሞላ ወይም በወጉ ያልተዘጋ መዝጊያ ይጠረጠራል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ጥይቱ ያዘነብላል።

ክሽፈቱ ከተደጋገመ፣ በጆሃንስበርግ ኮዝሞ ሲቲ የሚኖር ባለፈቃድ አዳኝ ጠመንጃውን በቤቱ ከመፈታታት ይልቅ ለባለሙያ ቢያሳይ ይበጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ጠጋኙም ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዛል።