ተከሳሽ፦ 50 ጣሳ እንቁላል

በአሜሪካ ሕግ ዕቃም ይከሰሳል። ባለቤቱ ሳይሆን ዕቃው ራሱ፣ በስሙና በቁጥሩ መዝገብ ይከፈትበታል። ቴነሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 ተይዞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘለቀ አንድ ክስ ተከሳሾቹ 40 በርሜልና 20 ትንንሽ በርሜል ኮካኮላ ነበሩ። እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ ኢሊኖይ፣ ፒዮሪያ ከተማ የተያዘው 50 ጣሳ እንቁላል ነው።

እንቁላሉ ከቅርፊቱ ወጥቶ፣ ነጩም አስኳሉም አንድ ላይ የታሸገ ነው። አንዱ ጣሳ 42 ፓውንድ፣ ማለትም 19 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ያለ ቅርፊቱ አንድ እንቁላል 50 ግራም ይመዝናል ብንል፣ በየጣሳው 380 እንቁላል አለ ማለት ነው። ሃምሳው ሲደመር 19 ሺህ እንቁላል፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እንዳይበላሽ 2 በመቶ ያህል ቦሪክ አሲድ ተጨምሮበታል። 2 በመቶ ሲባል ምንም አይመስልም፤ ለእያንዳንዱ እንቁላል ሲካፈል ግን 1 ግራም ይደርሰዋል።

1 ግራም ብዙ ነው? የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ዋና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ ይህንኑ ለማወቅ በ1902 መጨረሻ 12 ወጣት ፈቃደኞችን ዋሽንግተን ምድር ቤት ውስጥ ሰብስቦ ይቀልባቸው ጀመር። መጀመሪያ የቦሪክ አሲድ ዘመድ የሆነውን ቦራክስ ቅቤ ውስጥ ደበቀው። ልጆቹ ነቁበትና ቅቤውን መንካት ተዉ። ሌላ ምግብ ውስጥ ቢቀላቅለውም ያንኑ ሸሹ፤ በመጨረሻ በካፕሱል ዋጡት። ዋይሊ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ጤነኛ ሰው አዘውትሮ ከወሰደው በቀን ግማሽ ግራም እንኳ ይበዛበታል የሚል ነው። የፒዮሪያው አንድ እንቁላል የዚህ እጥፍ ነበር! እርግጥ ኬክ ሲጋገር አንዱ እንቁላል ለብዙ ቁራሽ ይዳረሳል፤ ጣሳውን አንስቶ የጨለጠ ሰው የለም።

ደግሞ 50 የተባለው የተረፈው ነው። ከሌላ ግዛት፣ ከሴንት ሉዊስ፣ ለፒዮሪያ አንድ ዳቦ ቤት በባቡር ከተጫነው 130 ጣሳ ውስጥ 80ው፣ ዕቃውን የያዘው የፌደራል ማርሻል ሳይደርስ ተጋግሮ አልቋል። 80 ጣሳ ማለት 30 ሺህ እንቁላል፣ 30 ኪሎ ቦሪክ አሲድ። ይህ ሁሉ ተጋግሮ ሰው ሆድ ገብቷል፤ ለክስ የቀረው ዳቦ ቤቱ መጋዘን ውስጥ የተገኘው ብቻ ነው።

ሻጩ ሂፖላይት የእንቁላል ኩባንያ የተከራከረው ስለ መርዙ አልነበረም። ቴዎዶር ሩዝቬልት ሰኔ 30 ቀን 1906 የፈረመው፣ በጥር 1 ቀን 1907 ሥራ ላይ የዋለው የምግብና መድኃኒት ሕግ የሚገዛው ከግዛት ግዛት የሚሻገርን ዕቃ ነው፤ የእኛ ጣሳ ግን መንገዱን ጨርሶ መጋዘን ገብቷል፣ ሊጋገርበት እንጂ ሊሸጥ አይደለም፣ ስለዚህ የፌደራል መንግሥት አይመለከተውም አለ። ብልህ መከራከሪያ ነው። ቢያዋጣ ኖሮ ሕጉ ዕቃ መያዝ የሚችለው ባቡር ላይ ሳለ ብቻ በሆነ፣ 50ውም 80ውን ተከትሎ ምድጃ በገባ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 13 ቀን 1911 በዳኛ ጆሴፍ ማኬና ብዕር መልስ ሰጠ፦ ሕግ ጥሶ ድንበር የተሻገረ ዕቃ የትም ቢደበቅ ይያዛል። እንቁላሉ ተወረሰ። ሕጉ እንዲህ ያለ ምግብ ወደ ሌላ ግዛት በሚልክ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጥፋት ያስቀመጠው የቅጣት ጣሪያ 200 ዶላር ነበር። በዚህ መዝገብ የተከሰሰው ግን ጣሳው ነውና ኩባንያው የተፈረደበት የክርክሩን ወጪና ኪሳራ እንዲከፍል ነው፤ በዚያም ላይ ይግባኝ ብሎ ተረታ።