ፈልጎ መጥቶ ሳይፈጽም የተመለሰ ጎብኚ

ወደ አንድ ድረ ገጽ የሚመጣ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እግረ መንገዱን የገባ ነው፤ አይቶ ይወጣል፣ ቢወጣም የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ሁለተኛው ግን ፈልጎ የመጣ ነው። ገንዘቡን ይዟል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ ሰነዱን ስካን አስደርጓል፤ ምናልባትም ከጊንጪ ወይም ከጌዶ ተሳፍሮ አምቦ ድረስ የመጣው ለዚሁ ብሎ ነው። ይሄኛው ሰው ሳይመዘገብ፣ ሳይገዛ ወይም ሳያመለክት ከተመለሰ ችግሩ የማስታወቂያ እጥረት አይደለም። ማስታወቂያውማ ሥራውን ሠርቶ ሰውዬውን በር ድረስ አምጥቶታል። ያልተከፈተለት በሩ ነው።

በሙያው ቋንቋ ጎብኚው የመጣበትን ጉዳይ ሲፈጽም፣ ማለትም ሲገዛ፣ ፎርም ሞልቶ ሲልክ ወይም ቀጠሮ ሲይዝ «ኮንቨርዥን» ተገኘ ይባላል። ከመቶ ጎብኚ ሦስቱ ከፈጸሙ ኮንቨርዥኑ 3 በመቶ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የአሜሪካ ሱቆችን የሚመለከት በመሆኑ ለእኛ ሩቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች አንድ ፎርም ለመሙላት የሚከፈለውን ዋጋ ስናይ ጉዳዩ ከነሱ ይልቅ እኛን ያማል ባይ ነኝ።

ታዋቂውን ምሳሌ ላስቀድም። ጃሬድ ስፑል የተባለው የዲዛይን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ ስሙን ያልጠቀሰውን የአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ ታሪክ ይተርካል። ደንበኛው ዕቃውን መርጦ ሊከፍል ሲል አንድ ትንሽ ፎርም ይመጣበታል፤ ኢሜይልና የይለፍ ቃል የሚጻፍባቸው ሁለት ሳጥኖች፣ «ግባ» እና «ተመዝገብ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች። በቃ ይሄው ነው። ሠሪዎቹ የተመዘገበ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ይጨርሳል ብለው ለደንበኛው ማሰባቸው ነበር። አዲሶቹ ደንበኞች ግን ምዝገባውን ጠሉት፤ የቆዩት ደግሞ በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገቡ ረስተውት ነበር። መዝገቡ ሲታይ 45 በመቶ የሚሆኑት ደንበኞች ከአንድ በላይ ምዝገባ ነበራቸው። «ተመዝገብ» የሚለው ቁልፍ ተነስቶ በምትኩ «ቀጥል» የሚል ገባ፤ ለመግዛት መመዝገብ ግዴታ እንዳልሆነ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍም ተጨመረ። ግዢውን የፈጸሙ ሰዎች ቁጥር በ45 በመቶ ጨመረ። በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ተጨማሪ ገቢ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ስፑል ጽፏል። አንድ ቁልፍ ነው እንግዲህ!

አሁን ይሄንኑ የኢሜይል ሳጥን ይዘን ወደ አምቦ እንመለስ። እዚህ ስልክ ያለው ብዙ ነው፣ ቴሌግራም የሚጠቀመውም ብዙ ነው። ኢሜይልም አለው፤ ስልኩን ሲገዛ ባለሱቁ ከፍቶለታል፤ አድራሻውን ግን አያውቀውም። ፎርሙ «ኢሜይል ግዴታ ነው» ሲለው የኢንተርኔት ካፌው ልጅ እዚያው ሌላ አዲስ ይከፍትለታል። የይለፍ ቃሉ የሚቀረው በልጁ ጭንቅላት ነው። ከሁለት ወር በኋላ «ለፈተና ቅረቡ» የሚል መልእክት ወደዚያ ኢሜይል ይላካል፣ የሚከፍተው የለም። ቀጣሪው «አመልካቹ አልቀረበም» ብሎ ይመዘግባል። አልቀረበም ሲባል እኮ ያልፈለገ ይመስላል፤ ልጁ ግን ቤቱ ሆኖ ጥሪ እየጠበቀ ነው። በፎርሙ ላይ የስልክ ቁጥር አብሮ ተሞልቶ ነበር፤ አንድ አጭር መልእክት ይበቃ ነበር።

ስም፣ ቀን እና ሰዓት

የእኛን አገር ሰው ከሚያስቸግሩት ሳጥኖች ዋናው የስም ሳጥን ነው። ብዙ ፎርሞች «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላሉ። እኛ ደግሞ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ስለዚህ በቤተሰብ ስም ቦታ አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገናኝቶ ያስገባል። ለዚህ የዲቪ ሎተሪን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ፤ ከዲቪ 2012 ዕጣ ወዲህ ደግሞ ውጤቱም በፖስታ መላኩ ቀርቶ በድረ ገጽ ብቻ የሚታይ ሆነ። ውጤቱን ለማየት የማረጋገጫ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት ይጠየቅ ነበር። ሲሞላ የአያቱን፣ ሲያይ የአባቱን የጻፈ ሰው አይገጥምለትም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አመልካቾች ፎርሙን ራሳቸው እንዲሞሉ ይመክር ነበር፤ ነገር ግን ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፎቶው በፒክሰልና በኪሎባይት ተለክቶ የሚገባ ነው፤ ከአምሳ ሰው አንዱ ራሱ ቢሞላ እሰየው። ሌላው ለሚሞላለት ሰው ከፍሎ ያስሞላል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ሞይው ጋ ይቀራል።

በእኛ ዞን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። የትምህርት ቤት ሰነዶች በቁቤ ይጻፋሉ። «ጫላ» የሚለው ስም በቁቤ በአንድ «ሲ» ጀምሮ «ኤ»ዎቹ ይደጋገማሉ፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ሲጻፍ ግን በ«ሲ» እና «ኤች» ይጀምርና «ኤ»ው ነጠላ ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል። ትራንስክሪፕቱ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው ተጽፎ «ስሙ አልተዛመደም» የሚል ቀይ ጽሑፍ የወጣበት ተማሪ የቱን ያስተካክል? ቀዩ ጽሑፍ ይህን አይነግረውም።

ቀን ላይ ስንመጣ ቁም ነገሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ፎርሙ ዓመቱን ይጠይቃል እንጂ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። በ1997 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ 1997 ብላ ብትሞላ ከዕድሜዋ በላይ ሰባት ስምንት ዓመት ትጨምራለች፤ የዕድሜ ገደብ ላለው የትምህርት ዕድል ይሄ ማለት ገና ሳትነበብ መውደቅ ነው። ጳጉሜ የተወለደ ደግሞ ወሩን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም፤ የወሩ ዝርዝር 12 ላይ ያልቃል። ጳጉሜ 3 ቀን 1997 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2005 መሆኑን ጎብኚው እንዲያሰላ ከሚደረግ ማሽኑ ቢያሰላ ምን ነበረበት? ለማሽን ቀላል ሒሳብ ነው፤ እኛም አንደኛ ዓመት ላይ ልንጽፈው የምንችለው ፕሮግራም ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ቀጠሮዎ 9:00 ነው» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ይሄዳል። ቀጠሮው የነበረው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። 5 ሜጋባይት የሚመዝን የፊት ገጽ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ለመከፈት 40 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ነው።

ዋጋውን የደበቀ ሆቴል

ከፎርም ወጥተን ወደ ንግድ ስንመጣ ወንጪ ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች፣ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ለምታለች። የምትገኘው በአምቦና በወሊሶ መካከል ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በሁለቱም በኩል መድረስ ይችላል። እንግዲህ ይሄ ሰው አርብ ማታ ስልኩን ይዞ የት ልደር ይላል። የአምቦው ሆቴል ገጽ የሚንሸራተቱ ፎቶዎችና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ረጅም ንግግር ካሳየው፣ ዋጋውንና ስልኩን ግን ሦስተኛ ገጽ ላይ ከቀበረው፣ ሰውዬው ወሊሶ ይደውላል። ፍልውኃው ስላልጣመው አይደለም፤ የአልጋውን ዋጋ ስላላገኘ ነው። ባለሆቴሉ «ዘንድሮ ገበያ የለም» ይላል፤ የተመለሰውን እንግዳ በአካል ስላላየው ምክንያቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ዋጋ መደበቅ ትልልቆቹንም ጎድቷል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት ሰው ዋጋዎቹን ከማየቱ በፊት አካውንት እንዲከፍት ይገደድ ነበር። ሕዝቡ ጎረፈ፣ ሲስተሙ ታነቀ፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ በኋላ ይፋ ከሆኑ ሰነዶች ታወቀ።

በአገራችንም መልካም አሠራር ስለሌለ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአፑ ጎን ለጎን *127# ብሎ የሚገባበትን መንገድ ይዞ መጣ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ተራ ስልክ ላይ ይሠራል፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ነው የቀረበው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን በቁጥር ይቀበላል። የ12ኛ ክፍል ውጤትም ቢሆን ከድረ ገጹ ሌላ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም እንዲታይ መደረጉ ብዙ ተማሪ ከካፌ ወረፋ አድኗል። ያማሩ ስለሆኑ አይደለም የሠሩት። የሚጠይቁት ነገር ተጠቃሚው እጅ ላይ ያለውን ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ልመልሰው። በትምህርት ክፍላችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲቀርብ ስለ ዳታቤዙ፣ ስለ ዲያግራሙና ስለ ይለፍ ቃሉ ጥንካሬ በደንብ እንጠየቃለን። ሠሪው ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ሞልቶ «ይሠራል» ሲል ግን እንቀበለዋለን። ለሠሪው ማን አልሠራ ብሎት ያውቃል? ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ጽሑፍ አምስት ሰዎች ብቻ ሲሞክሩት 85 በመቶ ያህሉ የአጠቃቀም ችግር እንደሚታይ በሒሳብ አስረድቷል። አምስት ሰው ከአምቦ መናኸሪያ አካባቢ ማግኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለሻይ ተጋብዘው እሺ የሚሉ አይጠፉም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከፕሮግራሚንግ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው ይመረጥ፤ ከተቻለ አንዱ ከጉደር ወይም ከባኮ የመጣ፣ አንዷም አማርኛና እንግሊዝኛ የማይቀናት ትሁን። በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ዳታ ይክፈቱት። «ይህን ፎርም ሞልተህ ላክ» ብቻ ተብሎ ይነገራቸው። ሠሪው አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ነገር ግን አፉን ይያዝ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፣ «እዚያ ጋ ተጫን» ማለት ያምረዋል። በወረቀት የሚይዘው የት ላይ እንደቆሙ፣ ምን ብለው እንደጠየቁና ስማቸውን በየትኛው ሳጥን እንዴት እንደጻፉት ነው። ከአምስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ያ ቦታ ይፈረስና እንደገና ይሠራ፤ ወረቀቱም ከዲያግራሙ ጋር ተጠርዞ ለገምጋሚ መምህራን ይቅረብ።