«በሦስት ሰዓት» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ እየተከታተልን መልሳችንንም በእንግሊዝኛ የምንጽፍ ተማሪዎች፥ ረጅሙን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልገን እናገኘዋለን። የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ መስተዋድዶች ናቸው፤ ከአማርኛ በቀጥታ ሲተረጐሙ ሐሳብን ያዛባሉና።

ለምሳሌ «ፈተናውን በሦስት ሰዓት ጨረስነው» ብንል ሁለት ትርጉም አለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጨረስነው ማለታችን ከሆነ «አት ናይን ኦክሎክ» ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብን ማለታችን ከሆነ ግን «ኢን ስሪ አወርስ» ነው። የእኛዋ «በ» ሁለቱንም ትሸከማለች፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል።

እንግዲህ ደንቡ እንዲህ ነው። «አት» ለተቈረጠ ሰዓት፥ «ኦን» ለዕለት፥ «ኢን» ለወር፥ ለዓመትና ከዚያም ለሰፋ ዘመን ያገለግላል። የዓድዋን ድል ስናነሣ «ኢን 1896» ወይም «ኢን ማርች 1896» እንላለን፤ ዕለቱን ስንጠራ ግን «ኦን ዘ ፈርስት ኦቭ ማርች» ይሆናል። ጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፥ ሌሊት «አት ናይት» ይባላል፤ ሆኖም ዕለቱ ከተጠራ ዕለቱ ያሸንፋልና «ኦን መንዴይ ሞርኒንግ» እንላለን። «ኔክስት»፥ «ላስት» ወይም «ኤቭሪ» ከቀደመ ደግሞ መስተዋድዱ ይቀራል፤ «ኦን ኔክስት መንዴይ» አይባልም።

ከዚህ ይልቅ የሚጐዳው «እስከ» ነው። የተዋስነውን መጽሐፍ «እስከ ዓርብ እንመልሰዋለን» ስንል ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊትም ልንመልሰው እንችላለን። ይህ «ባይ ፍራይዴይ» ነው። «እስከ ዓርብ ይዘነው እንቈያለን» ስንል ግን መያዙ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ይህ «አንቲል ፍራይዴይ» ነው። ስለዚህ «አይ ዊል ፊኒሽ ዘ ፔፐር አንቲል ፍራይዴይ» ብሎ ለመምህሩ የጻፈ ተማሪ፥ ሊሰጥ ያሰበውን ተስፋ አልሰጠም። የሚቀጥል ነገር ከሆነ «አንቲል»፥ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ከሆነ «ባይ» ነው።

«ከሁለት ዓመት ጀምሮ እዚህ ነን» የሚለውም «ሲንስ ቱ ይርስ» ተብሎ ሲተረጐም ይሰማል። «ሲንስ» የተጀመረበትን ጊዜ፥ «ፎር» የቈየበትን ርዝመት ይነግራል። እንግዲህ «ፎር ቱ ይርስ» ማለት ይገባል። ግሡም «ዊ አር» መሆኑ ቀርቶ «ዊ ሃቭ ቢን» ይሆናል፤ ነገሩ ባለፈው ጊዜ ተጀምሮ እስከ ዛሬ የደረሰ ነውና።

ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሰዓት ነው? ዕለት ነው? ወይስ ዘመን? ይቀጥላል ወይስ ያበቃል? ትምህርቱን ጠንቅቆ ያወቀ ተማሪ፥ በአንዲት ትንሽ ቃል ምክንያት ያላሰበውን እንደ ተናገረ ሊቈጠርበት አይገባም።