የሒሳብ ጥናት ሰዓት የት ይገባል?

የ12ኛ ክፍል ሒሳብን ያለ አስተማሪ ለማጥናት የተነሣ ሰው ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጽሐፉን ይከፍታል፤ ምዕራፎቹን ይቆጥራል፤ እስከ ፈተናው የቀሩትን ሳምንታት ለምዕራፎቹ ያካፍላል። ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ያምራል። ጥቅምት ሲያልቅ ግን ሰውየው ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ በኅዳር ሰንጠረዡን ማየት ያስጠላዋል፤ በታኅሣሥ ይነቅለዋል።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ በስንፍና ይመካኛል። ችግሩ ግን ከስሌቱ ነው። ምዕራፍን ለሳምንት ማካፈል የሚቆጥረው ትምህርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የማንበቢያውን ሰዓት ብቻ ነው። የሒሳብ ጥናት ሰዓት በአብዛኛው የሚያልቀው ግን በሌላ ሦስት ቦታ ነው፤ ከታች ክፍል የጎደለውን በመሙላት፣ ያለፉትን ጥያቄዎች ተመልሶ በመሥራት፣ ስህተትን በመመርመር። ለእነዚህ ቦታ ያልተወ ዕቅድ በመጀመሪያው ወር መፍረሱ አይቀርም።

ሰዓቱን መቁጠር

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚያጠና፣ ከትምህርት ገበታ ከራቀ ዓመታት ያለፉት፣ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ በግል ለመፈተን ያሰበ ሰው አለ እንበል። ሌሎቹን የትምህርት ዓይነቶች ሳይጨምር ለሒሳብ ብቻ በሳምንት 8 ሰዓት ማግኘት ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 25 ገደማ 42 ሳምንት አለ። በወረቀት ላይ 336 ሰዓት መሆኑ ነው።

ኑሮ ግን በወረቀት አይደለም። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካና ኢድ አሉ፤ ለቅሶና ሰርግ አለ፤ ጉንፋን አለ፤ በሥራ ቦታ የወር መዝጊያ አለ። ለእነዚህ ከመጀመሪያው 6 ሳምንት ቢተው 36 ሳምንት ይቀራል፤ 288 ሰዓት ማለት ነው። መጠኑን ለመገመት አንድ ማነጻጸሪያ እንውሰድ። በእንግሊዝ አገር ለኤ ሌቭል የሒሳብ ትምህርት የሚታሰበው በመምህር የሚመራ የትምህርት ጊዜ ብቻ 360 ሰዓት ነው፤ ተማሪው ቤቱ የሚሠራው ለብቻው ነው። የሥርዓተ ትምህርቶቹ ይዘት አንድ ባይሆንም፣ 288 ሰዓት ያለ መምህር የተትረፈረፈ አለመሆኑን ለማየት ይበቃል።

ይህን ሰዓት እንዲህ መክፈል ይቻላል፦ የታችኛውን ክፍል ጉድለት ለመሙላት 60፣ ለአዲስ ትምህርት 110፣ ያለፈውን ተመልሶ ለመሥራት 78፣ ለሙሉ የፈተና ወረቀቶች 40። አዲሱ ትምህርት ከጠቅላላው 40 በመቶ እንኳ አልደረሰም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። የክፍፍሉ ምክንያት ግን ሒሳብ ራሱ ከተዋቀረበት መንገድ ይመጣል።

መሠረቱ ለምን 60 ሰዓት ይወስዳል?

በካልኩለስ መግቢያ የሚገኝ አንድ የተለመደ ጥያቄ እንይ። ያልታወቀውን ቁጥር ሀ እንበለውና፣ ሀ ወደ 3 ሲጠጋ የ(ሀ² − 9) ÷ (ሀ − 3) ሊሚት ስንት ነው? 3ን በቀጥታ ብንተካ ዜሮ ለዜሮ ይሆንብናል። መውጫው ላይኛውን (ሀ − 3)(ሀ + 3) ብሎ ፋክተር ማድረግ ነው፤ ከዚያ (ሀ − 3) ይጣፋል፤ ሀ + 3 ይቀራል፤ መልሱ 6 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ሐሳብ የሆነው «ወደ 3 ሲጠጋ» የሚለው ብቻ ነው። የቀረው ከታች ክፍል የመጣ አልጀብራ ነው።

ሌላም እንይ። በ40 ሜትር አጥር አራት ማዕዘን ቦታ ለማጠር፣ ስፋቱ ከሁሉ የሚበልጠው መቼ ነው? አንዱ ጎን ሀ ከሆነ ሌላው 20 − ሀ ነው፤ ስፋቱ ሀ(20 − ሀ) ይሆናል። ደሪቫቲቩ 20 − 2ሀ ነው፤ ዜሮ ሲሆን ሀ 10 ይሆናል፤ ትልቁ ስፋት 100 ካሬ ሜትር ነው። ደሪቫቲቩ አንድ መስመር ነው። ለብቻው የሚያጠናው ሰው ግማሽ ሰዓት የሚቆመው ከዚያ በፊት ነው፤ የቃል ጥያቄውን ወደ ኢኩዌሽን መለወጡ ላይ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ቋንቋው ለደከመበት ሰው ይህ ክፍል ሌላ ሰዓት ይጠይቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የ12ኛን መጽሐፍ መክፈት ሳይሆን ጉድለትን መለካት ነው። ለዚህ ቀድሞ ይሰጥ የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሒሳብ ወረቀት ጥሩ መሣሪያ ነው። ሰዓት ይዞ፣ መጽሐፍ ዘግቶ፣ ያለ ካልኩሌተር መሥራት፤ ከዚያ ስህተቶቹን በርዕስ መለየት። ፋክተር ማድረግ፣ ክፍልፋይ ያለበት አልጀብራ፣ ኤክስፖነንትና ሎጋሪዝም፣ የፈንክሽን ሐሳብ፣ ትሪጎኖሜትሪ። 60ው ሰዓት የሚከፋፈለው በዚህ ውጤት ነው። ፋክተር ላይ ምንም ያልሳተ ሰው እንደገና ፋክተር እየሠራ የሚደሰትበት ምክንያት የለም።

መመለስ

ማክሰኞ ማታ አሥር የደሪቫቲቭ ጥያቄዎችን በትክክል የሠራ ሰው ደሪቫቲቭን እንደቻለ ይሰማዋል። በሁለት ሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ሲያገኘው ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ይህ የሁሉም ሰው ጠባይ ነው፤ ዕቅዱ ሊያስብበት የሚገባውም ለዚህ ነው።

በዳግ ሮሬርና በኬሊ ቴይለር በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በግልጽ ያሳያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያልተለመዱ የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። ግማሾቹ ጥያቄዎቹን በዓይነት በዓይነታቸው ሠሩ፤ ግማሾቹ ተቀላቅለው ቀረቡላቸው። በልምምዱ ወቅት በዓይነት የሠሩት 89 በመቶ ሲያገኙ፣ የተቀላቀለባቸው 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በዓይነት የሠሩት 20 በመቶ፣ በድብልቅ የሠሩት 63 በመቶ አገኙ።

ምክንያቱን ማስተዋል ይጠቅማል። «መልመጃ 2.4» በሚል ርዕስ ሥር ያሉ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ መንገድ እንደሚሠሩ ርዕሱ ራሱ ነግሮናል። ፈተና ላይ ግን ርዕስ የለም፤ ከባዱ ሥራ የትኛው መንገድ እንደሚያስፈልግ መለየት ነው። መልመጃን በተርታ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን አንዱን ችሎታ ጨርሶ አይለማመደውም። 78ቱ ሰዓት የተያዘው ለዚህ ነው፤ ካለፉት ምዕራፎች ጥያቄ አደባልቆ፣ ማስታወሻ ዘግቶ ለመሥራት።

የመመለሻው ርቀት ስንት ይሁን? ጥናቶች የሚያሳዩት አንድ አቅጣጫ አለ፤ ፈተናው በራቀ ቁጥር በሁለት ክለሳዎች መካከል ያለው ጊዜም መርዘም አለበት። ለምሳሌያችን ሰው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከስድስት ሳምንት በኋላ መመለስ በቂ ልማድ ነው። የተሳሳተው ጥያቄ «የስህተት ደብተር» ውስጥ ይገባል፤ ጥያቄው ብቻ በአንዱ ገጽ፣ መልሱና የተሳተበት ቦታ በጀርባው። ጥያቄው ከደብተሩ የሚሰረዘው በሦስቱም ጊዜ ያለ እርዳታ ከተሠራ ነው።

አንድ ማታ፣ አንድ ሳምንት

8ቱ ሰዓት በሦስት ማታ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ 2 ሰዓት፣ እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ይችላል። አንዱ የ90 ደቂቃ ጥናት እንዲህ ይከፈል፦ 15 ደቂቃ ከስህተት ደብተሩ፣ 30 ደቂቃ አዲስ ትምህርት እስክሪብቶ ይዞ ማንበብ፣ 35 ደቂቃ መልመጃ፣ 10 ደቂቃ የቆሙበትንና ያልገባውን መጻፍ። የመጨረሻው 10 ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደክሞ የሚመለስ ሰው «የት ነበርኩ?» እያለ ገጽ እንዳያገላብጥ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ጭንቅላቱ የሚዝል ሰው አዲሱን ትምህርት ወደ ንጋት፣ ወደ 11 ሰዓት ቢያዛውረው፣ ማታውን ለክለሳ ቢተወው ይሻላል።

ያለ አስተማሪ የሚያጠና ሰው ትልቁ ጊዜ በሊታ አንድ ጥያቄ ላይ መቆም ነው። ወሰን ያስፈልገዋል። 20 ደቂቃ ከልብ ተሞክሮ አልሄድ ያለ ጥያቄ መልሱ ይታይ፤ ሙሉው ግን አይነበብ። አንድ መስመር አይቶ መሸፈን፣ ራስ መቀጠል። የተማሪው መጽሐፍ ላይ መልስ ከሌለ የመምህሩ መምሪያ ላይ ይገኛል። በስልክ የሚታይ የቪዲዮ ትምህርት የሚጠቅመው ተዘግቶ ያው ጥያቄ በእጅ ሲሠራ ነው፤ ሌላው ሲሠራ እያዩ መስማማት ከጥናት ሰዓት አይቆጠርም።

ግምትን በልክ ማረም

ሥነ ልቦናውያኑ ቢውለር፣ ግሪፊንና ሮስ በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር። በአማካይ 33.9 ቀን ገመቱ፤ የፈጀባቸው 55.5 ቀን ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት እንቅፋት የሌለበትን መንገድ ያስባል።

መድኃኒቱ የባሰ ቆራጥ መሆን ሳይሆን መለካት ነው። አዲሱ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ እያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ በዕቅድ ስንት ሰዓት፣ በእውነት ስንት ሰዓት እንደወሰደ ይጻፍ። 4 ሰዓት የተባለው በተደጋጋሚ 6 ከፈጀ፣ የቀረው ሁሉ በአንድ ተኩል ይባዛ። ያለፈውን ሳምንት ጉድለት በሚቀጥለው ላይ መጨመር ግን ወለድ እንደሚወልድ ዕዳ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት የሚከፍለው አይኖርም።

ሰዓቱ ካልበቃ የሚቆረጠውን መምረጥ ይቻላል፤ ምርጫው ግን የምዕራፎቹን ትስስር ይከተላል። ፈንክሽን ከሌለ ሊሚት የለም፤ ሊሚት ከሌለ ደሪቫቲቭ፣ ደሪቫቲቭ ከሌለ ኢንተግራል የለም። ከዚህ ሰንሰለት መሃሉን መዝለል መጨረሻውንም ማጣት ነው። ስታቲስቲክስና ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ግን በአንጻሩ ለብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ ወደ ኋላ ቢገፉ ወይም በዋና ዋናው ብቻ ቢታለፉ ሌላውን አያፈርሱም። የማይቆረጠው የመመለሻው ሰዓት ነው። ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚሠዋው ግን እሱን ነው፤ አዲስ ገጽ መግለጥ የመራመድ ስሜት ስለሚሰጥ።

በዚህ አካሄድ ሙሉ ወረቀቶቹ ከግንቦት 20 ገደማ ይጀምራሉ። በቀደሙት ዓመታት የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ወረቀት 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት የሚጠይቅ ነበር፤ ለአንዱ ጥያቄ 3 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። አንድ ወረቀት 3 ሰዓት ከተሠራ ስህተቱን መመርመሩ ሌላ 3 ሰዓት ይፈልጋል፤ በ40 ሰዓት ስድስት ወረቀት ይወጣል። ይህ ትምህርቱን መማሪያ ሳይሆን ፍጥነትንና ምርጫን መለማመጃ ነው። ያልተማረ ሰው በድሮ የማትሪክ ጥያቄ ብቻ ሊማር ቢሞክር የሚይዘው የመልስ ፊደል ነው።

ዕቅዱ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ መሠረቱ ተሞልቷል፤ የአዲሱ ትምህርት ትክክለኛ ፍጥነት ተለክቷል። 110 የተባለው ሰዓት 165 እንደሚሆን ከታየ ሰውየው ስድስት ወር ቀርቶት ሦስት ምርጫ አለው፤ ከሳምንቱ ተጨማሪ ሰዓት መፈለግ፣ ለብቻቸው የቆሙትን ርዕሶች ማሳጠር፣ ወይም ፈተናውን ወደ ቀጣዩ ዓመት ማሸጋገር። ሦስቱም የሚያሳፍሩ አይደሉም። ምዕራፍን ለሳምንት ያካፈለው ሰው ግን ይህንኑ እውነት የሚያገኘው በሰኔ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመርጠው ነገር አይኖረውም።